የሌባ ሻይ የልጅ ልጅ

እንጦጦ የማየት ተራራ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ በዚህ አናት ላይ ሲሰፍሩ የሳባቸው የአየሩ ለዛ አልነበረም። ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ነፋሱ ድንኳን የሚነቅል ነበር። ሆኖም ከዚህ ቆሞ የሸዋን ሜዳ ዙሪያውን መቃኘት፣ የሚመጣውን ወዳጅም ሆነ ጠላት ከሩቅ መለየት ይቻል ነበር። ኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውሃ ወረደ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ተራራውም ለባሕር ዛፉ፣ ለእንጨት ተሸካሚዎቹ፣ ለጅቡና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቀረ። እኛ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ የምንኖር ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምናይ እንጂ የምንታይ አልነበርንም።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሳቢያ በተዋቡት የከተማችን ጎዳናዎች ላይ የቆሙትን ምሰሶዎች ቀና ብሎ ያስተዋለ ሰው ከመብራቱ ጎን ትንሽ ጥቁር ዓይን ያገኛል። ባንክ ቤት ደግሞ ይህ ዓይን የቆየ ባልንጀራችን ነው። ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥር ከጭንቅላቴ በላይ ሆኖ አብሮኝ ይቆጥራል። ታዲያ፣ ውድ አንባቢያን፣ ማታ ማታ ግጥም የሚሞካክር የባንክ ጸሐፊ ስለ ካሜራ ምን አግብቶት ትሉኝ ይሆናል። ያገባኝ እድሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ውስጥ የቤት ሰበራ በዛ። ዝናቡ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሌባን ኮቴ ይውጣል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጨለማው ወገን ይሆነዋል። ያልተነካ ቤት ጥቂት ነበር። ከዚያ የእድራችን ዳኛ ስብሰባ ጠሩና እያንዳንዱ አባወራና እማወራ አዋጥቶ ስምንት ካሜራ እንዲተከል ሐሳብ አቀረቡ። እኔም የእድሩ ገንዘብ ያዥ በመሆኔ ዋጋውን እንዳጣራ፣ ደንቡንም እንድጽፍ ታዘዝኩ። ደንብ መጻፍ ቀላል መስሎኝ ነበር የተቀበልኩት።

ዕቃውን ሊያስረዳን የመጣው ወጣት ባለሙያ ትሑትና አስተዋይ ልጅ ነበር። እሱ እንደነገረን፣ እኔም ኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት፣ ተራ ካሜራ ያያል እንጂ አይገባውም። በሰከንድ 25 ምስል የሚያነሣ አንድ ካሜራ በቀን 2,160,000 ምስል ያነሣል። ስምንቱ ሲደመሩ በአንድ ቀን የ192 ሰዓት ፊልም ያጠራቅማሉ። አንድ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ያንን የአንድ ቀን ፊልም ልይ ቢል 24 የሥራ ቀን ይፈጅበታል፤ አይቶ ሳይጨርስም የ23 ቀን ውዝፍ ይጠብቀዋል። ደግሞም የሰው ልቡና ባዶ መንገድ ላይ አፍጥጦ መቆየት አይሆንለትም። ጥቂት ደቂቃ ሳይሄድ ዓይኑ እያየ ልቡ ይሸፍታል። ስለዚህ አብዛኛው ፊልም ማንም ሳያየው ተቀርጾ፣ ማንም ሳያየው ይጠፋል። የሚፈለገው ሌባው ከሄደ በኋላ ነው።

የአሁኖቹ ካሜራዎች ግን ሁለት ነገር ተጨምሮላቸዋል። የመጀመሪያው መተባበር ነው። እያንዳንዱ ካሜራ በኔትወርክ ላይ የራሱ አድራሻ አለው፤ አንዱ ያየውን ለመቅጃው ይልካል፤ መቅጃው ከሌሎቹ ጋር ያስተያያል፤ ከዚህ ጥግ የተሰወረው ሰው በዚያኛው ጥግ ሲወጣ በልብሱ ቀለምና በቁመናው ያው ሰው መሆኑን ይገምታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ሁለተኛው ማስተዋል ነው። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች የሚያውቁት ብልሃት አንድ ብቻ ነበር፦ የአሁኑን ምስል ካለፈው ጋር ማነጻጸርና አንዳች ነገር ከተለወጠ መጮኽ። በእንጦጦ እንዲህ ያለ ካሜራ ቢተከል ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ያድር ነበር፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ይወዛወዛል፣ ጭጋጉ ይወርዳል፣ ድመት ታልፋለች፣ ጅብ ይመጣል። አዲሶቹ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ምስሎች ሠልጥነው ሰውን ከእንስሳ፣ መኪናን ከጥላ ይለያሉ። በተለይ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የነርቭ መረብን አሠራር የሚመስሉት ስሌቶች ሲጠነክሩ ይህ ችሎታ እጅግ አደገ። ከለዩ በኋላ የተሰጣቸውን ሕግ ይጠብቃሉ፦ ይህን መስመር የተሻገረ ሰው አለ ወይ? ከተወሰነው ጊዜ በላይ አንድ ቦታ የቆመ አለ ወይ? ዕቃ ጥሎ የሄደ አለ ወይ? ሕጉ ሲጣስ ባለቤቱን በስልኩ ይቀሰቅሳሉ። ከተፈለገም «ትናንት ማታ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው አሳየኝ» ሲባሉ የ24 ቀኑን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሱታል።

እውነት ለመናገር ተደነቅሁ። ይሁንና ባለሙያው ማሽኑ «አጠራጣሪ» ብሎ የሚመዘግባቸውን ነገሮች ዘርዝሮ ሲያነብልን ዓይኔ በመስኮቱ አልፎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ሄደ።

ረጅም ጊዜ ያለ ሥራ መቆም፦ እዚያ ግንባሩን ከቅጥሩ ድንጋይ ላይ አስደግፎ አንድ ሰዓት የሚቆም ሰው ሞልቷል፤ ጸሎቱን አልጨረሰም። ዕቃ ጥሎ መሄድ፦ ጸበል ቀጂው ጀሪካኑን በተራው አስቀምጦ ኪዳን ሊያደርስ ይገባል፤ ጀሪካኖቹ ስለ ባለቤቶቻቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ፊትን መሸፈን፦ በእንጦጦ ብርድ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ያልተከናነበ ማን አለ? መሬት ላይ መውደቅ፣ መጮኽ፣ መሮጥ፦ ይህ የጸበሉ ቦታ የዘወትር ድምፅ ነው። የሰው መከማቸት፦ ወር በገባ በ16 ቀን፣ ይልቁንም የካቲት 16፣ ዳገቱ በነጭ ልብስ ይሸፈናል። ሌላው ዓለም ላይ ለሠለጠነው ማሽን ሰፈራችን ከዳር እስከ ዳር አጠራጣሪ ነው።

እዚህ ላይ ነው አያቶቻችን የነገሩን ሌባ ሻይ ትዝ ያለኝ። ለወጣት አንባቢዎቼ ላስታውስ፤ «ሻይ» እዚህ ላይ የሚጠጣው አይደለም፤ ፈላጊ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ንብረት ሲሰረቅ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ልጅ እግር ያስመጣና መድኃኒት ያጠጣዋል። ልጁ ራሱን ስቶ፣ በገመድ እየተያዘ፣ በየመንደሩ ይሄዳል፤ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ ለምን እዚያ እንደወደቀ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አያውቀውም። ሌላው መንገድ አፈርሳታ ነበር፤ አውጫጭኝም ይሉታል። አገሬው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ አይበተንም፤ እያንዳንዱም ያየውንና የሰማውን በአደባባይ ይናገራል። አፈርሳታ ሥራ አስፈትቶ ሰው ያጉላላ ነበር፤ ቢያንስ ግን የሚናገረው ሰው ነው። ለምን እንዲህ አልክ ቢባል መልስ አለው፤ በሐሰት ቢናገርም ጎረቤቱ ያርመዋል።

አዲሱ ካሜራ እንግዲህ የማን ዘር ነው? ምስክር ሆኖ «ይህን አየሁ» ሲለን ከአፈርሳታ ወገን ነው፤ ያየውን እኛም አይተን ልንፈርድ እንችላለንና። «ይህ ሰው ሌባ ይመስላል» ሲለን ግን የሌባ ሻይ የልጅ ልጅ ነው። እንደዚያ ልጅ ከአንዱ ደጅ ይወድቃል፤ ምክንያቱን አይነግረንም።

በስብሰባው ላይ ክርክሩ የጠነከረው ከካሜራዎቹ ጋር በመጣው ፊት የመለየት ችሎታ ላይ ነበር። የነዋሪውን ሁሉ ፎቶ አስገብተን፣ ከመዝገቡ ውጭ የሆነ ፊት በሌሊት ሲታይ እንዲጮኽ ይደረግ የሚሉ በረቱ። እኔ እንደ ልማዴ በቁጥር መለስኩ። በመንገዳችን በቀን አንድ ሺህ ሰው ያልፋል እንበል፤ ማሽኑም ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሳት። ድንቅ ማሽን ነው። ሆኖም በቀን አሥር፣ በዓመት 3,650 ንጹሕ ሰው ይጠረጠራል። ሌባው በዓመት አሥር ጊዜ ቢመጣና አንዱም ባያመልጠው እንኳ፣ ከሚጮኸው 366 ጊዜ አንዱ ብቻ ነው ሌባ ላይ የሚጮኸው። ስድስት ቀን ሳይሞላው ዘበኛው ጩኸቱን መስማት ይተዋል።

ስሕተቱ ደግሞ ለሁሉ እኩል አይደርስም። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና የሥራ ባልደረባዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የሰውን ፆታ ከፊቱ የሚለዩ ሦስት የገበያ ምርቶችን ፈትነው ነበር። ገጻቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስሕተት ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ገጻቸው ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ደረሰ። ኩባንያዎቹ ከዚያ ወዲህ አሻሽለዋል፤ ነገር ግን ማሽን የሚያውቀው ያሳዩትን ፊት መሆኑን ዓለም የተማረው ከዚህ ነው። በአሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊን፣ ኮምፒውተር ፊቱን ከሌላ ሰው ፊት ጋር አሳስቶ በማገናኘቱ ሳቢያ፣ በቤተሰቡ ፊት በካቴና አስሮ ወስዶታል። የከተማው ፖሊስ በዚህ ውጤት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሰው እንዳያስር በስምምነት የታሰረው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

«ካሜራው የእኛው ነው፤ ማን ይነካዋል?» ያሉም ነበሩ። ለእነሱ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገኝም። በ2012 እ.ኤ.አ. በቻይና ወጪ ተሠርቶ የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሮይተርስ እንደዘገበው፣ ከቻይና ናቸው ተብለው የተጠረጠሩ ሰርጎ ገቦች የኅብረቱን ግቢ የጥበቃ ካሜራዎች ምስል በድብቅ ሲቀዱ ተደርሶባቸዋል፤ የቻይና መንግሥት አስተባብሏል። የሠረቀው ማንም ይሁን ማን፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በኔትወርክ የተሳሰረ ዓይን ባለቤቱ ብቻ አያይበትም። የአህጉሪቱ መዲና ያልጠበቀችውን የይለፍ ቃል እድራችን በምን ይጠብቀዋል?

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስቀመጥ አንዲት እናት ተነሡ። ባለፈው ነሐሴ ቤታቸው ተሰብሯል። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «አንተ ስለ ሰው ፊት ትከራከራለህ። እኔ ለልጄ ሰርግ ስል ስንት ዓመት ያጠራቀምሁትን ያወጣው ሰውዬ ፊቱ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ያንተ ቤት ስላልተነካ ነው ነገር የሚያምርልህ።» ቤቱ ጸጥ አለ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። የተዘረፈ ሰው ፍርሃት በስሌት አይወራረድም።

ስብሰባው ለሌላ እሑድ ተቀጠረ። በዚያ ሳምንት አንድ ማታ ከሰፈራችን ዘበኛ ጋር እሳታቸው ዳር ተቀመጥኩ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባትሪያቸውንና ፊሽካቸውን ከጎናቸው አኑረው ካሜራው ሲተከል እንጀራቸው ይቆም እንደሆነ በዘዴ ጠየቁኝ። አይቆምም አልኳቸው፤ ገና ያልተወሰነ ቢሆንም። ከዚያ ጨዋታ አነሡ። ከዓመታት በፊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ አጥር ለአጥር የምትሄድ ጥላ ያያሉ። ዱላቸውን አጥብቀው ይጠጋሉ። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዋናውን መንገድ ትታ፣ ማንም ሳያያት ጸበል ለመድረስ ትጣደፋለች። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሕመም ከሕመሙ ይልቅ ወሬው የሚገድል ነበር። ባትሪያቸውን አጠፉ። እስከ ዳገቱ ከኋላ ከኋላ ሸኟት። ከዚያ በኋላም ብዙ ሌሊት።

«ማን ነበረች አባባ?» አልኳቸው።

«ሰው ነበረች፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያን ሌሊት ተኝቼ ከማደር ይልቅ ደንቡን ጻፍኩት፤ ከደንቡ ሥር ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን አራት ስንኝ።

ዓይን መች ጠፋና ከምሰሶው በላይ፣
ጨለማን ሰንጥቆ ከሩቅ የሚያይ፤
ያጣነው ሌላ ነው፥ ያየውን መዝኖ፣
አፉን የሚዘጋ ለሰው ልጅ አዝኖ።

በሁለተኛው ስብሰባ ስንኙን አላነበብኩም፤ ደንቡን አነበብኩ። አብዛኛውን የወሰድኩት ከሙያዬ ነው። ባንክ ቤት ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ ሁለት ቁልፍ ያዦች አብረው ካልቆሙ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አይነካውም። ይህም የሆነው ቁልፍ ያዡ ይሰርቃል ተብሎ ሳይሆን፣ ማንም ብቻውን እንዳይፈተን ነው። ስለዚህ የተቀዳውን ፊልም ለማየት ሁለት ሰዎች ይገኙ፤ የይለፍ ቃሉ እኩሌታው አንዱ ዘንድ፣ እኩሌታው ሌላው ዘንድ ይሁን፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳየ በመዝገብ ይስፈር አልኩ። ካሜራዎቹ የቤቶቹን አጥርና የመንገዱን አፍ ይዩ፤ ወደ ጸበሉ የሚወስደውን መንገድ የሚያይ አይኑር። ማሽኑ የሚጠብቀው አንድ ሕግ ብቻ ይሁን፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት አጥር የሚሻገር ሰው። ጥሪው በቀጥታ ወደ ዘበኛው ስልክ ይድረስ፤ ሄዶ አይቶ የሚፈርደው እሱ ነው። ፊልሙ በ15 ቀን ይጥፋ። ፊት የመለየቱ ሥራ ተዘግቶ ይቀመጥ።

አንድ ተሰብሳቢ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለእድር ምን ያደርጋል ብለው ነበር። ሰው በግል ሕይወቱ የመከበር መብቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 መስፈሩን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በ2016 ዓ.ም. መውጣቱን አስታወስኩ። የጣት አሻራና የፊት ምስል እንደ ገንዘብ አይደሉም፤ ገንዘብ ቢሰረቅ ይተካል፣ የይለፍ ቃል ቢታወቅ ይለወጣል፤ ፊት ግን አይለወጥም።

ደንቡ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ያቺ የተዘረፉት እናት ተቃወሙ። ቁልፍ ያዦች ሲመረጡ ግን እኔ እሳቸውን ጠቆምኩ፤ ዳኛውም ተስማሙ። ዛሬ የይለፍ ቃሉ እኩሌታ በእሳቸው እጅ ነው። ያለ እሳቸው ማንም የማንንም እግር ማየት አይችልም።

ካሜራዎቹ ከተተከሉ አምስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። በመካከሉ አንድ ሌሊት ማሽኑ አባባን ቀሰቀሰ፤ አንድ ሰው አጥር ላይ ነበር፤ ፊሽካው ሲነፋ ወደ ባሕር ዛፉ ገብቶ ጠፋ። ያን ሌሊት ሥርዓቱ ዋጋውን ከፈለ፤ ይህን አለመመስከር ንፉግነት ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የመለየት ችሎታው የተመሰከረለት ማሽን፣ ጆንያ ለብሶ በዝናብ የቆመን ምስኪን አህያ ሰው ነው ብሎ አስነሥቷቸዋል። አባባ አሁንም ደሞዛቸውን ይቀበላሉ፤ ስልኩን እንደ ታናሽ ረዳት ይቆጥሩታል።

እናትዬዋ መስከረም ላይ ደንቡ ሲከለስ ፊት የመለየቱ ጥያቄ እንደገና እንዲቀርብ ከወዲሁ አስመዝግበዋል። መብታቸው ነው። ምናልባትም ያሸንፉ ይሆናል፤ አንድ ከባድ ክረምት ከመጣ ብዙ እጅ ከእሳቸው ጋር ይነሣል። የእኔ እጅ አይነሣም። ማሽኑ ከዛሬው ይልቅ ይራቀቃል፤ አህያን ከሰው መለየት ይማራል፤ የእኛንም ፊት ከነጠላችን ሥር ያውቅ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሲችል ግን «ሰው ነበረች» ብሎ ዝም ማለትን የሚያስተምረው የለም። ያን የሚችሉት ሰዎች በምሰሶው ሥር እስካሉ ድረስ ምሰሶውን አልፈራውም።